«በዘራቸው አለ ወይ?»
ስኪዞፍሬንያ በውርስና በአካባቢ መካከል

ሽማግሌ ተልኮ ጋብቻ ሲጠየቅ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች አንዱ የሌላውን ዘር ማጥናታቸው በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። አጥንት ተቆጥሮ የሥጋ ዝምድና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በለሆሳስም ቢሆን የምትነሣ አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ለመሆኑ በዘራቸው እብደት የለም?» የምትል። በአንድ ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ የእኅቱ ትዳር ሊቀር፣ የወንድሙ እጮኛ ልትመለስ ትችላለች። ይህን የሚፈራ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ከእንግዳ ዓይን ይሰውራል፤ ሕክምናውም በዚያው መጠን ይዘገያል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ አመለካከት አለ። ይኸኛው ሕመሙን ለዘር ሳይሆን ለመተት፣ ለልክፍት ወይም ለወላጆች አያያዝ ይሰጠዋል። እናት «ምን በድዬ ነው?» እያለች ስታለቅስ፣ ጎረቤት «ልጁን አስጨንቀውት ነው» ይላል። ሁለቱ አመለካከቶች ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ለአንድ ውስብስብ ሕመም አንድ ጥፋተኛ ይሻሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ከባድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ስኪዞፍሬንያ ከውርስና ከአካባቢ ጋር ስላለው ግንኙነት ሳይንስ የደረሰበትን ለአንባቢ ማቅረብ ነው። የፊዚክስ መምህራን ስለ አእምሮ ሕመም መጻፋችን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ላይ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ከሕክምና ዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ከፕሮባብሊቲ አተረጓጎም ነው፤ ይህ ደግሞ በየዕለቱ የምንገለገልበት መሣሪያ ነው። ስለዚህ ምርመራውንና ሕክምናውን ለሐኪሞች ትተን፣ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉና ምን እንደማይሉ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፐሊን በወጣትነት የሚጀምርና እየባሰ የሚሄድ አንድ የአእምሮ ሕመም ከሌሎች ለይቶ ገለጸ። በ1908 ደግሞ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ለሕመሙ ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም ሰጠው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «የተሰነጠቀ አእምሮ» እንደማለት ነው። ብሎይለር በዚህ ስም ለመግለጽ የፈለገው ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት እርስ በርስ መለያየታቸውን ነበር። ከዚህ ስያሜ የተነሣ ብዙዎች ሕመሙን «አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ መኖር» አድርገው ይረዱታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው።

የሕመሙ ምልክቶች በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል፣ ሐሳቤን ያነብቡታል» የሚል የማይናወጥ እምነት መያዝና የንግግር መዘባረቅ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ጎልተው የማይታዩ፣ ግን ይበልጥ የሚጎዱ ናቸው፤ ከሰው መገለል፣ የስሜት መደንዘዝ፣ ለሥራና ለራስ ንጽሕና ግድ ማጣት። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ እነዚህን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ጥጋብ ይቆጥራቸዋል። ሦስተኛዎቹ የማስታወስና ትኩረት የመስጠት ችሎታ መድከም ናቸው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሰው ትምህርቱን በሚጨርስበት፣ ሥራና ትዳር በሚይዝበት ወቅት መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም ወደ 24 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል።

መንታዎች ምን ይነግሩናል?

ስኪዞፍሬንያ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም ከጥንት ጀምሮ ታይቷል። ነገር ግን ቤተሰብ የሚጋራው ደምን ብቻ አይደለም፤ ቤትን፣ ምግብን፣ ችግርንና ደስታንም ይጋራል። ዘርን ከኑሮ ለመለየት ተመራማሪዎች ሁለት የተፈጥሮ ሙከራዎችን ተጠቀሙ፤ አንደኛው መንትዮች፣ ሁለተኛው የጉዲፈቻ ልጆች ናቸው።

ከአንድ ጽንስ የተከፈሉ መንትዮች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ጂኖች አሏቸው፤ ከሁለት ጽንስ የተገኙት ግን እንደማንኛውም ወንድምና እኅት በአማካይ ግማሹን ብቻ ይጋራሉ። በ2018 በዴንማርክ ከ31 ሺህ በላይ የመንታ ጥንዶችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ ከአንድ ጽንስ ከተገኙ መንትዮች አንዱ ስኪዞፍሬንያ ሲይዘው ሌላውን የመያዝ ዕድሉ 33 በመቶ፣ ከሁለት ጽንስ ለተገኙት ደግሞ 7 በመቶ መሆኑን አሳየ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ርቀት የጂኖችን ኃይል ይመሰክራል። የመጀመሪያው ቁጥር 100 አለመሆኑ ደግሞ ጂን ብቻውን እንደማይወስን ይመሰክራል፤ አንድ ዓይነት ጂን ካላቸው ሦስት ጥንዶች በሁለቱ ውስጥ አንደኛው ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይኖራልና።

የጉዲፈቻው ማስረጃም ይህንኑ ያጠናክራል። በ1966 በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የተደረገ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው ወዲያው ከእናቶቻቸው የተለዩ 47 ልጆችን፣ ጤነኛ እናቶች ከወለዷቸውና በተመሳሳይ ሁኔታ ካደጉ 50 ልጆች ጋር አነጻጸረ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል 5ቱ በሕመሙ ሲያዙ ከሁለተኛዎቹ አንድም አልተያዘም። ልጆቹ ሕመምተኛ እናቶቻቸው ዘንድ ስላላደጉ ልዩነቱን በአስተዳደግ ማስረዳት አልተቻለም። በ1948 የቀረበውና ለብዙ ዓመታት እናቶችን የከሰሰው «የእናት ጠባይ ልጅን ያሳብዳል» የሚለው ሐሳብ መሠረቱ የተናጋው በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ነው።

ከዴንማርኩ የመንታዎች ጥናት የተሰላው የስኪዞፍሬንያ የውርስ ድርሻ 79 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር በጋዜጣ ሲጻፍ አሳሳች ይሆናል። አንድ ሕመምተኛ ወላጅ ያለው ሰው 79 በመቶ ይታመማል ማለት አይደለም። የአንድ ሰው ሕመም 79 በመቶው ከዘር፣ 21 በመቶው ከኑሮ መጣ ማለትም አይደለም። የውርስ ድርሻ የሚገልጸው በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከጂን ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ ገበሬ ልዩ ልዩ የጤፍ ዝርያዎችን ቀላቅሎ በአንድ ወጥ ማሳ ላይ ቢዘራ፣ አፈሩ፣ ዝናቡና ማዳበሪያው ለሁሉም እኩል ስለሆነ በጤፎቹ መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት ከሞላ ጎደል ከዘሩ የመጣ ይሆናል፤ የውርስ ድርሻው ወደ 100 በመቶ ይጠጋል። ያንኑ ድብልቅ ዘር ግማሹን በለም፣ ግማሹን በተራቆተ መሬት ቢዘራው ግን ከልዩነቱ ብዙው ከመሬቱ የመጣ ይሆናል፤ የውርስ ድርሻውም ይወርዳል። ዘሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማሳው ነው። ስለዚህ 79 በመቶ የሚለው ቁጥር የዴንማርክ ማሳ ላይ የተለካ ነው እንጂ በየትኛውም ቦታና ዘመን የማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

አንድ ጥፋተኛ ጂን የለም

የሰው ልጅ የዘረመል ካርታ ከተነበበ በኋላ ብዙ ተመራማሪዎች «የስኪዞፍሬንያን ጂን» ፍለጋ ወጡ። ያገኙት ግን አንድ ጂን ሳይሆን ብዙ ሕዝብ ነው። በ2014 ወደ 37 ሺህ የሚጠጉ ሕመምተኞችንና ከ113 ሺህ በላይ ጤነኞችን ያነጻጸረ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 108 የዘረመል ሥፍራዎችን ለየ። በ2022 የሕመምተኞቹ ቁጥር ወደ 77 ሺህ ሲያድግ ሥፍራዎቹ 287 ደረሱ። እያንዳንዳቸው አደጋውን የሚጨምሩት በጥቂቱ ነው፤ ኃይላቸው በመደመር ነው። ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ አብዛኞቹ በጤነኛ ሰዎችም ውስጥ በብዛት የሚገኙ መሆናቸው ነው። እኛም፣ አንባቢያችንም፣ የጋብቻው ሽማግሌዎችም ከእነዚህ ልዩነቶች ብዙዎቹን ይዘን እንኖራለን። «በዘሩ ያለበት» እና «በዘሩ የሌለበት» የሚባሉ ሁለት ዓይነት ሰዎች የሉም፤ ያለው እንደ ቁመት ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚዘረጋ አንድ መስመር ነው።

ከእነዚህ ሥፍራዎች ጎልቶ የወጣው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ነው። በ2016 በቦስተን የሚገኙ ተመራማሪዎች በዚህ ሥፍራ ካሉት ጂኖች አንዱ ሲ-4 የተባለው መሆኑን አሳዩ። ይህ ጂን ዋና ሥራው በሽታን በመከላከል ሥርዓት ውስጥ ነው፤ በአንጎል ውስጥ ግን በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያሉ አላስፈላጊ መገናኛዎችን በመግረዝ ሥራ ይሳተፋል። ግርዛቱ በልጅነትና በጉርምስና የሚከናወን ጤናማ ሂደት ነው፤ አትክልተኛ የተትረፈረፈውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ዛፉን እንደሚያስተካክለው ማለት ነው። የሲ-4 ሥራ ከመጠን ሲያልፍ ግን የሚያስፈልገውም መገናኛ አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። ይህ ሐሳብ ሕመሙ ለምን ከጉርምስና በኋላ እንደሚገለጥ ለመረዳት አንድ በር ከፍቷል።

ከጥቃቅኖቹ ልዩነቶች ሌላ ብርቅ ግን ብርቱ የሆኑ ለውጦችም አሉ። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ አንዲት ቁራጭ የጎደለችበት ሰው ከአራት አንድ ያህል በስኪዞፍሬንያ ወይም በመሰል ሕመም የመያዝ ዕድል አለው። ይሁንና ይህ ጉድለት ከ100 ሕመምተኞች በአንዱ እንኳ አይገኝም። ከዚህም በላይ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም ሳይወረስ በጽንስ አፈጣጠር ጊዜ በአዲስ መልክ የሚከሰት ነው። የዘረመል ምክንያት ሁሉ የዘር ምክንያት አይደለም ማለት ነው። የወንድ ዘር በሚመረትበት ጊዜ የሚፈጠሩ አዳዲስ ስሕተቶች ከአባት ዕድሜ ጋር ይጨምራሉ። በ2001 በኢየሩሳሌም የልደት መዝገብ ላይ የተደረገ ጥናትም ዕድሜያቸው 50 ከደረሰ አባቶች የተወለዱት ከ25 ዓመት በታች ከነበሩት አባቶች ልጆች ይልቅ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ አደጋ እንደነበረባቸው አመልክቷል። አጥንት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ቢሄዱ እንዲህ ያለውን አዲስ ለውጥ አያገኙትም።

ማሳው፦ ከማኅፀን እስከ ከተማ

አሁን ከዘሩ ወደ ማሳው እንሸጋገር። የመጀመሪያው ማሳ ማኅፀን ነው። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት የጀርመን ጦር ምዕራባዊ ኔዘርላንድን በመዝጋቱ የአንድ ሰው የቀን ቀለብ ከ1000 ኪሎ ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ ሀብታምና ድኻ፣ ዘርና ወገን ሳይለይ በአንድ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ያበቃ ስለነበር ለሳይንስ መራራ ግን ግልጽ ሙከራ ሆነ። በ1990ዎቹ የታተሙ ጥናቶች ረሃቡ በበረታበት ወቅት የተጸነሱት ልጆች ካደጉ በኋላ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ አደጋቸው በእጥፍ ያህል እንደጨመረ አሳዩ። በቻይና አንሁይ ግዛት ከ1959 እስከ 1961 ከነበረው ታላቅ ረሃብም ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ፤ በ1959 ከተወለዱት 0.84 በመቶ የነበረው አደጋ በ1960 ለተወለዱት 2.15 በመቶ፣ በ1961 ለተወለዱት 1.81 በመቶ ደረሰ። ረሃብን ከታሪኩ ለሚያውቅ እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ቁጥር ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ ምግብ የልጇን አእምሮ ጭምር እንደሚጠብቅ የሚያስታውስ ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የኦክስጂን እጥረትና መሰል ችግርም አደጋውን ከሚጨምሩት መካከል ይቆጠራል።

ሁለተኛው ልጅነት ነው። ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ቸልታና የወላጅ ሞት የደረሰባቸው ልጆች ኋላ ላይ እንደ ስኪዞፍሬንያ ላሉ ሕመሞች የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ በ2012 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ ገልጿል።

ሦስተኛው አደንዛዥ ዕፅ ነው። በስዊድን በ1969 እና በ1970 ለብሔራዊ ውትድርና የተመዘገቡ ከ45 ሺህ በላይ ወጣቶች ለ15 ዓመት ተከታትለው ሲታዩ፣ ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ ያጨሱት ጨርሶ ካላጨሱት ይልቅ ስድስት እጥፍ አደጋ ነበረባቸው። እርግጥ ለሕመሙ የተጋለጠ ሰው ወደ ካናቢስ የማዘንበል ዕድሉ ከፍ ሊል ስለሚችል ስድስቱም እጥፍ የዕፁ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በ2019 በአውሮፓና በብራዚል የታተመው ሰፊ ጥናትም በየቀኑ የሚያጨሱት ወደ ሦስት እጥፍ፣ ኃይለኛውን ዓይነት በየቀኑ የሚያጨሱት ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ አደጋ እንዳለባቸው አመልክቷል። ስለ ጫት እንደ ካናቢሱ የጠነከረ ማስረጃ የለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ግን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ከመጠን በላይ መቃም ጊዜያዊ የአእምሮ መታወክን ሊቀሰቅስ፣ ሕመሙ ያለበትንም ሰው ሊያባብስበት እንደሚችል በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

አራተኛው ከተማ ነው። በሰሜን አውሮፓ በከተማ ተወልደው ያደጉት በገጠር ካደጉት ይልቅ በብዛት ይታመማሉ። ነገር ግን በ2018 በ42 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የተደረገ ንጽጽር ይህን ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ጎጂው አስፋልቱ ወይም ፎቁ ሳይሆን፣ በአንዳንድ ከተሞች ኑሮ ውስጥ ያለ፣ በሌሎች ግን የሌለ አንድ ነገር ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ስደት ነው። በ1932 የኖርዌዩ ሐኪም ኦርኑልቭ ኦዴጎር ወደ አሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የተሰደዱ ኖርዌያውያን በአገራቸው ከቀሩት ይልቅ በዚህ ሕመም በብዛት ሆስፒታል እንደሚገቡ አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ ይህ በብዙ አገሮች ተረጋግጧል። ከካሪቢያን ወደ እንግሊዝ የሄዱ ሰዎችና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው ብዙ እጥፍ አደጋ ሲገኝባቸው፣ በጃማይካ፣ በትሪኒዳድና በባርባዶስ ያሉ ወገኖቻቸው ግን ከፍ ያለ ቁጥር አልታየባቸውም። ዘሩ አንድ ነው፤ የተለየው ማሳው ነው። ጉዳዩ የእኛንም ወገኖች ይነካል። በ2008 በእስራኤል ከ660 ሺህ በላይ ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ከስደተኞቹ መካከል ከፍተኛው አደጋ የታየው ከኢትዮጵያ በሄዱት ላይ መሆኑንና ይኸውም በአገሩ ከተወለዱት ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ እንደነበር ገልጿል። ብዙ ተመራማሪዎች የዚህን ምክንያት በመገለል፣ በመናቅና በባይተዋርነት ውስጥ ይፈልጉታል። በሩቅ አገር ላሉ ልጆቻችን ማኅበር፣ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሰጡት አለኝታ ከናፍቆት ማስታገሻነት ያለፈ ዋጋ ሊኖረው የሚችለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ

አንባቢ «ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ መልስ ከፊዚክስ አንድ ምሳሌ እንዋስ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሁለቱም ከተሞች ውኃውን 92 ዲግሪ የሚያደርስ ያህል ብናሞቀው የአዲስ አበባው ይንፈቀፈቃል፤ የጅቡቲው ዝም ይላል። የአዲስ አበባውን ውኃ ያፈላው እሳቱ ነው ወይስ ከፍታው? ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ከፍታው ደፉን ዝቅ አደረገ፤ እሳቱ ደፉን አሻገረው። ምድጃው ካልተለኮሰ ደግሞ የእንጦጦ ከፍታም ቢሆን ውኃ አያፈላም። ጂኖች የሚያደርጉት ደፉን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው፤ እሳቱ ከማኅፀን፣ ከልጅነት፣ ከዕፅና ከኑሮ ይመጣል።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በፊንላንድ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ በተረጋጋ ቤተሰብ ያደጉት በታወከ ቤተሰብ ካደጉት ይልቅ እጅግ ያነሰ ሕመም እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። የዘር አደጋ በሌለባቸው ልጆች ላይ ግን የቤቱ ሁኔታ ይህን ያህል ልዩነት አላመጣም። መልካም ቤት የጂንን ሸክም ሊያቀልል ይችላል ማለት ነው።

ሌላም ልንመረምረው የሚገባ ቁጥር አለ። በ1999 በዴንማርክ 1.75 ሚሊዮን ሰዎችን የሸፈነ ጥናት፣ እናቱ ስኪዞፍሬንያ ያለባት ሰው አደጋው ከሌሎች ዘጠኝ እጥፍ ገደማ፣ በዋና ከተማ የተወለደ ደግሞ ከገጠሩ 2.4 እጥፍ መሆኑን አገኘ። በዚህ ብቻ ሲታይ የቤተሰብ ታሪክ እጅግ የከበደ ይመስላል። ነገር ግን ጥናቱ «ከሕመምተኞች ሁሉ ስንቱ ከየትኛው ጋር ይያያዛል?» ብሎ ሲያሰላ፣ የወላጅ ወይም የወንድምና እኅት ሕመም 5.5 በመቶውን ብቻ ሲሸፍን የከተማ ልደት 34.6 በመቶውን ሸፈነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሕመምተኛ ወላጅ ያላቸው ጥቂቶች ሲሆኑ በከተማ የሚወለዱ ብዙዎች ናቸው። ለጥቂቶች ብርቱ የሆነ አደጋ በሕዝብ ደረጃ ትንሽ ሊሆን፣ ለብዙዎች ደካማ የሆነ አደጋ ደግሞ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ለሽማግሌዎቹ የሚሰጥ መልስ

እንግዲህ «በዘራቸው አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥሮቹ ምን ይመልሳሉ? አሜሪካዊው ኧርቪንግ ጎተስማን በ1991 ባሳተመው የታወቀ ሥራው የአውሮፓን የቤተሰብ ጥናቶች አጠቃልሎ፣ ከማንኛውም 100 ሰው አንዱ፣ አጎቱ ወይም አክስቱ ከታመሙ ሰዎች 4 ያህሉ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ከታመሙ 9 ያህሉ፣ አንድ ወላጁ ከታመመ 13 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በሕመሙ እንደሚያዙ ገምቷል። በሌላ አነጋገር፣ እኅቷ ከታመመች 100 ሙሽሮች መካከል 91ዱ በሕመሙ አይያዙም። በዚያው ሥራ መሠረት ከ10 ሕመምተኞች መካከል ወደ 9 የሚጠጉት ሁለቱም ወላጆቻቸው ከሕመሙ ነፃ ናቸው። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ወንፊት ሊያስቀር የሚፈልገውን አብዛኛውን ያሳልፈዋል፤ ሊያሳልፍ የሚገባውን አብዛኛውን ደግሞ ያስቀረዋል።

ይህ የፕሮባብሊቲ ጠባይ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከአንድ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አተሞች ግማሾቹ በስንት ጊዜ እንደሚፈርሱ በትክክል ማስላት እንችላለን፤ የትኛው አተም መቼ እንደሚፈርስ ግን መናገር አንችልም። የብዙኃኑን ሕግ በአንዱ ላይ እንደ ፍርድ መጫን ፊዚክስም ሆነ ሕክምና የማይፈቅደው ነገር ነው።

የዚህ ስሕተት ዋጋ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ታሪክ አሳይቷል። ናዚ ጀርመን በሐምሌ 1933 ባወጣው ሕግ ስኪዞፍሬንያን «በዘር የሚተላለፍ በሽታ» ብሎ ሰዎችን በግዳጅ ማምከን ጀመረ፤ ከ1940 ወዲህ ደግሞ ሕመምተኞችን በጋዝ ገደለ። በ2010 የታተመ ግምት እንደሚለው ከ220 ሺህ በላይ የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች መክነዋል ወይም ተገድለዋል። ከጦርነቱ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ግን በጀርመን በየዓመቱ አዲስ የሚታመሙት ሰዎች ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ አልተገኘም። ሕመሙ በጥቂት «መጥፎ ዘሮች» ውስጥ የተከማቸ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

በአገራችን ምን ታወቀ?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ በዓለም የሥነ አእምሮ ጽሑፎች ውስጥ የታወቀች ቦታ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1998 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረው 321 የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞችን አገኙ። ከእነዚህ መካከል ቀደም ሲል የሕመሙን መድኃኒት ያገኙት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ስኪዞፍሬንያንና ሌሎች ከባድ የአእምሮ ሕመሞችን ይዘው በጥናቱ ለ10 ዓመት የተከታተሏቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ በ2015 ተገለጸ። ከሟቾቹ ግማሽ የሚሆኑት የሞቱት ሊታከሙ በሚችሉ ተላላፊ በሽታዎች ነበር። የጠፋው ሕይወት በጂን ብቻ የጠፋ አይደለም።

በዘረመል በኩል ከላይ የተጠቀሱት ግዙፍ ጥናቶች በአብዛኛው የተመሠረቱት በአውሮፓውያን ዝርያዎች ላይ ነው። ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ትልቁ ክፍል ያለው ግን በአፍሪካ ነው፤ በአውሮፓ መረጃ የተሠራ የአደጋ ስሌትም ለአፍሪካውያን በእጅጉ ይደክማል። ይህን ክፍተት ለመሙላት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነው። ዛሬ ግን በማንም ሰው ላይ የደም ምርመራ አድርጎ «ይህ ይታመማል፣ ይህ አይታመምም» ማለት የሚችል ቤተ ሙከራ በዓለም ላይ የለም።

ምን እናድርግ?

ጂኖቻችንን መምረጥ አንችልም፤ ማሳውን ግን ልናለማው እንችላለን። ነፍሰ ጡር እናት በቂ ምግብ እንድታገኝና በጤና ተቋም እንድትወልድ መርዳት፣ ልጆችን ከድብደባና ከጥቃት መጠበቅ፣ በተለይ በቤተሰቡ ሕመሙ የታየበት ወጣት ከካናቢስና ከመጠን ያለፈ ጫት እንዲርቅ በግልጽ መምከር በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው። አንድ ወጣት ያለ ምክንያት ከሰው መሸሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትምህርቱን መተውና በጥርጣሬ መዋጥ ሲጀምር ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ሕክምና ሳይጀመር የሚያልፈው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳልና። የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት በ1952 በፓሪስ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ምልክቶቹን የሚያስታግሡ ብዙ መድኃኒቶች ተገኝተዋል፤ በ2024 ደግሞ ከቀደሙት በተለየ መንገድ የሚሠራ አዲስ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መጠመቁን መተው የለበትም፤ መድኃኒቱንም ማቋረጥ የለበትም።

ሕመምተኛውን በጓዳ የሚሰውረው ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ፍርሃቱን የሚያነግሠው ደግሞ የእኛ የጎረቤቶችና የአማቾች ጥያቄ ነው። ስለዚህ «በዘራቸው አለ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ሕክምና ጀምሯል ወይ? እኛስ በምን እንርዳ?» ብንል ለአንድ ሕመምተኛ ደጅ ከፈትንለት ማለት ነው።